የድንጋይ ቤት አዋጅ

አዋጅ ቁጥር 4,540,000,000/2018
የምድር ሳይንስ ትምህርት ክፍልን ሳምንታዊ ውሎ ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

ምድር የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ፣ ማኅተምም ሳታስመታ ስትንቀሳቀስ የኖረች በመሆኗ፤

የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ በዓመት 5 ሚሊ ሜትር ያህል እየሰፋ ሲሄድ፣ ከትምህርት ክፍሉ ወደ ግዢ ክፍል የተጻፈ ደብዳቤ ግን በዚያው ዓመት ከተቀመጠበት ጠረጴዛ ንቅንቅ አለማለቱ በመረጋገጡ፤

በኮሪደሩ የቆመው ባለ ስድስት ደርብ የናሙና መደርደሪያ ከግድግዳው ጋር ሳይታሰር፣ አንዱ እግሩ በታጠፈ ካርቶን ተደግፎ፣ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን የተለቀመ ባሳልትና ግራናይት ተሸክሞ በመገኘቱ፣ ከሥሩም ተማሪዎች ተደርድረው ለፈተና የሚያጠኑ በመሆኑ፤

ትምህርት ክፍሉ ስለ ምድር ሲናገር ሳምንቱን ሙሉ ሰሚ የማያገኝ፣ ምድር በተንቀጠቀጠች ሌሊት ግን ስልኩ የማያርፍ ሆኖ በመገኘቱ፤

በስበት ሕግ መሠረት የሚከተለው ታውጇል።

ክፍል አንድ
ጠቅላላ ድንጋጌዎች

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የድንጋይ ቤት አዋጅ ቁጥር 4,540,000,000/2018” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቁጥሩ ከምድር ዕድሜ የተወሰደ ስለሆነ በ50 ሚሊዮን ከፍ ወይም ዝቅ ቢል እንደ ስሕተት አይቆጠርም። የፋይናንስ ክፍል በሒሳቡ ላይ ተመሳሳይ ልዩነት እንዲፈቀድለት ያቀረበው ማመልከቻ ተቀባይነት አላገኘም።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

1/ “ዩኒቨርሲቲ” ማለት ስሙ ያልተጠቀሰ፣ አንባቢ ሁሉ ግን የራሱ የሚመስለው ተቋም ነው፤

2/ “በቅርቡ” ማለት የዛሬው የጂኦሎጂ ዘመን፣ ሆሎሲን፣ ከጀመረ ወዲህ ያሉት 11,700 ዓመታት ሲሆን፣ ወደፊትም በዚያው መጠን ይቆጠራል። “ውጤት በቅርቡ ይለጠፋል” የሚል ማስታወቂያ በዚሁ አግባብ ይነበባል፤

3/ “ፈጣን” ማለት የእጅ ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት የሚጓዝ አህጉር ነው፤

4/ “ድንጋይ” ማለት በከተማው ስድብ፣ በትምህርት ክፍሉ ግን ማስረጃ ነው። ባልደረባውን “አንተ ድንጋይ!” ብሎ የሰደበ ሰው የድንጋዩን ዓይነት መግለጽ አለበት። ግራናይት ከተባለ ሙገሳ ነው፤ ውስጡ በአየር ቀዳዳ የተሞላና ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ፐሚስ ከተባለ ግን በስም ማጥፋት ያስከስሳል፤

5/ “ወርቅ” ማለት ተማሪዎች መዶሻ ይዘው በታዩበት መንደር ሁሉ እንዳገኙት የሚታመን፣ እነርሱ ግን በዓይናቸው ያላዩት ማዕድን ነው።

3. የጾታ አገላለጽ

የሙያው ዝነኛ ባለጉዳይ በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ በመሆኗ፣ በዚህ አዋጅ በሴት ጾታ የተገለጸው ወንድንም ይጨምራል።

ክፍል ሁለት
ስለ ሳምንቱ ቀናት

4. ሰኞ

ሰኞ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛ የሚጠናበት ቀን ነው። ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 ባሳተመው መርሕ መሠረት፣ ባልተገለበጠ ንብብር ውስጥ ከታች ያለው ቀድሞ፣ ከላይ ያለው ኋላ የመጣ ነው። መርሑ የወጣው ለደለል አለት ቢሆንም ለወረቀትም ይሠራል። በላይኛው ንብብር ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ አሻራውን የተወበት የዛሬ የስብሰባ ጥሪ ይገኛል። ከሥሩ የፈታኞች ድልድል፣ ከድልድሉ ሥር የበጀት ዓመት መዝጊያ ማሳሰቢያ አለ። ከሁሉም በታች፣ ጠርዙ ቢጫ የሆነና ለኮሪደሩ መደርደሪያ ማሰሪያ አራት ብሎን ከነፊሸሩ እንዲገዛ የሚጠይቅ ደብዳቤ ተኝቷል። ደብዳቤው ሁለት ማኅተምና ሦስት ፊርማ ያረፈበት ሲሆን፣ በግራ ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ “ለሚመለከተው ይመራ” ተብሎበታል። የሚመለከተው ማን እንደሆነ የሚያሳይ ቅሪተ አካል እስካሁን አልተቆፈረም።

5. ማክሰኞ

ማክሰኞ የማዕድን ላቦራቶሪ ቀን ነው። ማዕድን የሚለየው በቀለሙ ብቻ ሳይሆን በጥንካሬው ጭምር ስለሆነ፣ ፍሪድሪክ ሞስ እ.ኤ.አ. በ1812 ያወጣው ባለ 10 ደረጃ ሚዛን ሥራ ላይ ይውላል። የበታቹ ታልክ፣ የበላዩ አልማዝ ነው። የተማሪ ጥፍር 2.5 ላይ ስለሚውል 2ኛ ደረጃ ያለውን ጂፕሰም ይጭራል፤ 3ኛ ደረጃ ያለው ካልሳይት ላይ ሲደርስ ግን ጥፍሩ ራሱ ይሸረፋል። ኳርትዝ 7 ስለሆነ የመስኮት መስታወት ይጭራል፤ የላቦራቶሪው መስኮቶች ለዚህ በቂ ምስክር ናቸው። የውሎ አበል ከፋዩ ቢሮ ደረጃ ገና አልተወሰነም፤ ጭሮ ምልክት የተወበት አልተገኘም።

በላቦራቶሪው 17ኛ መሳቢያ ከደናክል የመጣ የአሞሌ ስባሪ አለ። የጨው ማዕድን ከሚለይባቸው መንገዶች አንዱ መቅመስ በመሆኑ፣ በየዓመቱ የሚገቡ ተማሪዎች ተራ በተራ ሲልሱት ኖረዋል። ሲመጣ እንደ ጡብ አራት ማዕዘን የነበረው ስባሪ ዛሬ ጠርዙ ሁሉ ሟምቶ የተበላ ሳሙና መስሏል። መምህሩ ስለ አለት መሸርሸር ሲያስተምር ነፋስን፣ ውኃንና በረዶን ይጠራል፤ በዚህ አዋጅ ምላስ አራተኛ ሆኖ ተጨምሯል።

6. ረቡዕ

የረቡዕ ሴሚናር ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀመራል ተብሎ 8 ሰዓት ከ40 ይጀመራል። አርባ ደቂቃ በሙያው መሣሪያ የማይለካ አጭር ጊዜ ስለሆነ እንደ መዘግየት አይመዘገብም። ቀኑ ጾም በመሆኑ የሚቀርበው ቆሎና ሻይ ነው። “በቅርቡ እጨርሳለሁ” ያለ ተናጋሪ በአንቀጽ 2(2) የተሰጠውን ጊዜ ሙሉውን የመጠቀም መብት አለው።

የሳምንቱ ርዕስ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ የተከሰተው ስንጥቅ ነው። በዚያ ወቅት ቀልጦ የነበረ አለት ከምድር ቅርፊት ውስጥ ሰርጎ ገብቶ፣ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው መሬት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው አህጉርም በእግሩ ይሄዳል፤ ልዩነቱ አህጉር የመቶዎች ዓመታት ውዝፉን አጠራቅሞ አንድ ቀን በሩጫ መክፈሉ ነው። ከአዳራሹ የተነሳው ብቸኛ ጥያቄ የመገኘት ፊርማው ወረቀት የት ደረሰ የሚል ነበር።

7. ሐሙስ

ሐሙስ የስብሰባ ቀን ነው። የሥርዓተ ትምህርት ክለሳው አራት ዓመት ፈጀ የሚል ወቀሳ የሚያቀርብ ሰው ዓለም አቀፉን ልምድ ይመልከት። የሰው ልጅ ዘመን፣ ማለትም አንትሮፖሲን፣ ራሱን የቻለ የጂኦሎጂ ዘመን ይሁን አይሁን እንዲያጠና እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው ቡድን ያቀረበው ሐሳብ በ2024 በድምፅ ብልጫ ወድቋል። ከዚህ አንጻር ሲታይ አራት ዓመት ችኮላ ነው።

8. ዓርብ

ዓርብ የመስክ ጉዞ ዝግጅት ቀን ነው። መኪና ሲኖር ነዳጅ፣ ነዳጅ ሲኖር ሾፌር፣ ሾፌር ሲኖር አበል ይጠፋል። አራቱም በአንድ ቀን ከተገኙ ክስተቱ በብርቅ ማዕድንነት ይመዘገባል።

9. ቅዳሜ

ቅዳሜ ተማሪዎች ከጎሐ ፅዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳሉ። መንገዱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ዘመን ወደ ኋላ ይሄዳል። ከአፋፉ ላይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ባሳልት አለ፤ ከእርሱ በታች አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ በጁራሲክ ዘመን ከባሕር ሥር የተነጠፈው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ከግርጌው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ተራቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሰኞው ጠረጴዛና የቅዳሜው ሸለቆ የሚመሩት በአንድ ሕግ ነው፤ ሸለቆው ግን ተነብቦ ያልቃል።

ከኖራ ድንጋዩ ዘንድ አንዲት ተማሪ ከትንሽ ጠርሙስ ሁለት ጠብታ ቀጭን አሲድ ታንጠባጥባለች። ድንጋዩ እንደ ተከፈተ ለስላሳ ይፈላል፤ ከአረፋው አጠገብ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይታያል። በዚያ ጊዜ ከብት የሚነዱ አዛውንት ቀረብ ብለው፣ “ልጆቼ፣ ወርቅ አገኛችሁ?” ይላሉ። “የለም አባባ፣ እዚህ ባሕር ነበረ” ብሎ የሚመልስ ተማሪ ወርቁን እንደደበቀ ይቆጠራል።

10. እሁድ

እሁድ ቢሮ ዝግ ነው፤ ምድር ግን በሥራ ሰዓት አትገዛም። በታሪክ የተመዘገበ ፍንዳታ ያልነበረው የአፋሩ ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በዕለተ እሁድ፣ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን በኩል እስከ ሕንድ ደርሷል። አመዱ ያለ መውጫ ፈቃድ ከግቢ የወጣ የመጀመሪያው ናሙና ነው።

ክፍል ሦስት
ስለ መንቀጥቀጥ

11. ስልክ ስለ መመለስ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በአካባቢው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲከሰት፣ ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ከፎቅ የሚኖረውን ሁሉ ከእንቅልፉ ቀስቅሷል፤ በፈንታሌ ዙሪያ መንደሮች ያሉ ደግሞ ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ነገሩ ለአገሩ አዲስ አልነበረም፤ ማጀቴን ያፈራረሰው የ1953ቱ የካራቆሬ መንቀጥቀጥና ሰርዶን ያወደመው የ1961ዱ በታሪክ ተመዝግበዋል። ኢየሱሳዊው ካህን ፒየር ጉዋን እ.ኤ.አ. በ1979 የአገሪቱን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ሰብስበው አሳትመዋል።

በእነዚያ ሌሊቶች የትምህርት ክፍሉ ባልደረባ ሁሉ የዘመድ ስልክ መመለስ ግዴታው ነው። አክስት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ደውለው፣ “አንተ ልጄ፣ ድንጋዩን የተማርከው አንተ ነህ፤ ውጭ እንደር ወይስ እንግባ?” ሲሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፦ “እትዬ፣ የት የት እንደሚያሰጋ ይታወቃል፤ ቀኑንና ሰዓቱን ግን የሚያውቅ የለም።” አክስት ይህን ሰምተው፣ “ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትማር ነበር?” ቢሉ ጥያቄው በሴሚናር ከሚነሱት የተሻለ ሆኖ ይመዘገባል።

12. የተከለከሉ ተግባራት

በቴሌግራም “ዛሬ ሌሊት በ9 ሰዓት ይመጣል” ብሎ ማሰራጨት ክልክል ነው። የመንቀጥቀጥ መጠን በአንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል 32 ጊዜ ያህል ያድጋል፤ ወሬ ግን በአንድ መንደር ባለፈ ቁጥር ከዚያ በላይ ስለሚያድግ ቅጣቱ በዚያው ስሌት ይሰላል።

13. መደርደሪያው

በመንቀጥቀጥ ጊዜ ከመስኮትና ከመደርደሪያ መራቅ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መግባትና ጭንቅላትን መሸፈን እንደሚገባ የሚያስተምር ባለ ቀለም ፖስተር ታትሟል። ፖስተሩ የተለጠፈው ባልታሰረው መደርደሪያ ጎን ላይ ነው። ምክሩን ቀርቦ ለማንበብ የፈለገ ሰው ከመደርደሪያው ሥር መቆም አለበት።

ስለዚህ መደርደሪያው ከግድግዳው ጋር ይታሰራል፤ ከባዱ ድንጋይ ወደ ታችኛው ደርብ፣ ቀላሉ ወደ ላይኛው ይዛወራል፤ ካርቶኑም ይነሳል። ሥራው የሚጠይቀው አራት ብሎንና የግማሽ ቀን ጉልበት ነው፤ ስለ ብሎኖቹ በተካሄዱት ስብሰባዎች የተጠጣው ሻይ ዋጋ ከዚህ ይበልጣል።

14. የተሻሩ ልማዶች

“ይመራ”፣ “ሂደት ላይ ነው” እና “በቅርቡ” የሚሉ ቃላት አንቀጽ 13ን በሚመለከት ተፈጻሚነት አይኖራቸውም።

15. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በአንቀጽ 2(2) እንደተተረጎመው በቅርቡ የጸና ይሆናል። አንቀጽ 13 ግን ከዛሬ ጀምሮ የጸና ነው። ብሎኑ ከግቢው በር ፊት ለፊት ካለው የሕንፃ መሣሪያ መደብር ይገኛል፤ መሰርሰሪያውም በሞዴል 19 ገቢ ከሆነበት ቀን ጀምሮ በንብረት ክፍል ከነካርቶኑ ተቀምጧል።