ባለ ሬዲዮዎቹ

ሽማግሌ በቤቱ የሚያዝበት ነገር እያነሰ በሄደ ቁጥር፣ በቀረችው ላይ ሥልጣኑ ይብሳል። እኛ ቤት ገንዘቡ በእማዬ እጅ ነው፤ ሪሞቱን የልጅ ልጆች ከወረሱት ቆይቷል። ለአባባ የቀራቸው ግዛት ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ባለ አራት ድንጋይ ሬዲዮ ነው። ሠራተኛዋ ዳንቴሉን ለማጠብ ስታነሳ ጋቢያቸውን ሰብስበው አጠገቧ ይቆማሉ። የባንክ ዘበኛ እንኳ እንደዚያ አይቆምም።

ክብሩ እንዲሁ አልመጣም። በደርግ ጊዜ የውጭ ጣቢያ ማዳመጥ ያስጠረጥር ስለነበር፣ አባባ በ1957 በአማርኛ የጀመረውን የጀርመን ድምፅ የሚሰሙት ብርድ ልብስ ተከናንበው ነበር። በ1975 የአሜሪካ ድምፅ ሲጨመር ብርድ ልብሱ ውስጥ ጎረቤትም ተጨመረ። አጭር ሞገዱ ሲንሿሿ አንቴናውን የምይዘው እኔ ነኝ፤ እጄን ካወረድኩ ዓለም ዝም ይላል፣ ቁጣውም ይወርድብኛል። ድንጋዩ ሲደክም ከበርበሬው ጎን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን። (በርበሬውን ዶሮ ቢጭረው ቀላል ነው፤ ድንጋዩን ግን ልጅ እየተፈራረቀ ይጠብቃል።)

ሰፈሩም የአያታችንን ስም ረስቶ «ባለ ሬዲዮዎቹ» ይለን ጀመር። እህቴን ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሌዎች ቤታችንን ያገኙት በዚሁ ስም ነው። ለጋብቻ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ የእኛ ሲቆጠር ገና አንደኛው ቤት ላይ ሬዲዮ ገባበት።

ሬዲዮው ድምፁን ከዘጋ ዓመታት አልፈዋል። ጠጋኙ «መለዋወጫ የለውም» ብሎ መልሶታል። ታላቅ ወንድሜ ከዋሽንግተን ሲመጣ ግድግዳ የሚያክል ቴሌቪዥን ይዞ ቢመጣም፣ አባባ መርቀው ተቀበሉትና ጀርባቸውን ሰጡት። አሁን ዜና የሚሰሙት በስልካቸው ነው፤ ስልኩን ግን ሬዲዮው ላይ አስደግፈው፣ የማይሠራውን ቁልፍ ትንሽ ካዞሩ በኋላ ነው። «ዛሬ ጠርቶ ይሰማል» ይላሉ።

ወንድሜ ራሱ ሸብቷል። ሰሞኑን በቪዲዮ ደውሎ፣ ሰላምታው ሳያልቅ፣ «እማዬ፣ ሬዲዮውን ለእኔ አስቀምጪልኝ» አላት።

«ነጥዬ አልሰጥም» አለች፣ «ከባለቤቱ ጋር ጠቅልለህ ውሰድልኝ!»

አባባ ከስልኩ ፊት ሳይታዩ፣ ከቡፌው በኩል ጮክ ብለው፦

«ለእሱም ቪዛ ይጠይቅለታ!»