ለአቶ ማንደይ ናይትሮ በዘገየ ድንኳን የተነበበ የሕይወት ታሪክ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የሟች ወዳጆች፣ ቀበቶ ታጥቃችሁም ሆነ ተነጥቃችሁ የመጣችሁ እንግዶች፤

አቶ ማንደይ ናይትሮ፣ ያ የሰኞ ማታው የሬስሊንግ ፕሮግራም፣ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ የሕይወት ታሪካቸው ግን እስከ ዛሬ በወጉ አልተነበበም። በቀብራቸው ዕለት ማይክሮፎኑን የጨበጡት ቤታቸውን የገዙት ባላጋራቸው ነበሩና የተሰማው ንግግር ከዝክር ይልቅ ፉከራ ነበር። አዲስ አበባ ሆነን በቪዲዮ ቤትና በትውስት ካሴት ያወቅናቸው ደግሞ መርዶው ዘግይቶ ነው የደረሰን፤ እኛ ገና ግጥሚያውን ስናይ እሳቸው አፈር ለብሰው ነበር። ስለዚህ እኔ፣ ያስደሰቱኝንም ያናደዱኝንም ያልረሳሁ ተመልካቻቸው፣ ይህችን ወረቀት ይዤ ቆሜያለሁ። ሟችን ማማት ነውር ነው ይባላል። ሬስሊንግ ቤት ውስጥ ግን ያላሙት ሰው ገበያ የለውምና እንዳትቀየሙኝ።

አቶ ናይትሮ ከአባታቸው ከባለጠጋው ከአቶ ቴድ ተርነር፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ ቲኤንቲ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 1995 በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ብሉሚንግተን ከተማ፣ ሞል ኦፍ አሜሪካ በተባለው የገበያ ማዕከል ውስጥ ተወለዱ። ለሽያጭ የታሰበ ልጅ ሌላ የት ሊወለድ ኖሯል? የክርስትና አባታቸው አቶ ኤሪክ ቢሾፍ ናቸው። እሳቸው እንደሚተርኩት፣ አቶ ተርነር ከአቶ ቪንስ ማክማን የሬስሊንግ ድርጅት ጋር ለመፎካከር ምን እንደሚያስፈልግ ቢጠይቋቸው፣ መልስ ያላዘጋጁት ቢሾፍ የማይሰጣቸውን ነገር እንደሚለምን ሰው ዋናውን የምሽት ሰዓት ጠየቁ። አቶ ተርነር ሳያቅማሙ ሰኞ ማታን ሰጧቸው። ሰኞ ማታ ግን ባዶ ወንበር አልነበረም፤ ከጃንዋሪ 1993 ጀምሮ የማክማን ልጅ ሮው ተቀምጦበታል። በሬስሊንግ ቤት ደግሞ ወንበር ለመቀመጫ ብቻ እንደማያገለግል ታውቃላችሁ።

ሟች በጠባያቸው ቀጥታ ነበሩ። ይህን የምለው ለሟች ሁሉ የሚባለውን ለመድገም አይደለም፤ ከሞላ ጎደል በየሳምንቱ የሚተላለፉት በእርግጥ በቀጥታ ነበርና ነው። ተቀናቃኛቸው ሮው ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተቀረጸ ነበር። በተወለዱበት ምሽት እንኳ የማክማን ቤት ሰው መሆኑን አገር የሚያውቀው ሌክስ ሉገር ሳይጠበቅ ከተፍ ብሎ ቤተ ዘመዱን አስደነገጠ። ያን ቀን የተማርነው ነገር ቢኖር ሰኞ ማታ ከቴሌቪዥኑ ፊት ዞር ያለ ሰው እንደሚቆጨው ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 18 ቀን ሜዱሳ የተባለችው ታጋይ የማክማንን የሴቶች ቀበቶ ይዛ መጥታ በቀጥታ ስርጭት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተችው። ሟች ሐሜትም ይወዱ ነበር፤ ሮው የተቀረጸ በሆነበት ሳምንት ገና ስርጭቱ ሳይጀምር ማን እንደሚያሸንፍ ለሕዝብ ይዘከዝኩ ነበር። እኛም በጊዜው እንስቅ ነበር። ይህ አመል በኋላ ምን እንዳስከፈላቸው ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

አሁን ስለ ስርጭታቸው የመጀመሪያ ሰዓት እናገራለሁ፤ ከሟች ሕይወት በእውነት የሚለቀስለት እሱ ነውና። የፖስተሩ ፊቶች ልብስ መለወጫ ክፍል ውስጥ እግራቸውን ሰቅለው ሳለ፣ ሪንጉን የሚያሞቁት ቀላል ሚዛኖቹ ነበሩ። ሬይ ሚስቴሪዮ፣ ኤዲ ጉሬሮ፣ ዲን ማሌንኮ፣ ሁቬንቱድ ጉሬራ፣ ከጃፓን ኡልቲሞ ድራጎን፤ ገመድ ላይ ቆመው የሚገለበጡ፣ አየር ላይ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ሰዎች። ክሪስ ጄሪኮንም አትርሱት። ማሌንኮ ‹የ1000 አያያዝ ባለቤት› ይባል ስለነበር፣ ጄሪኮ 1004 አውቃለሁ ብሎ ረጅም ወረቀት ዘርግቶ አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። ማስታወቂያ ገባ፣ ማስታወቂያ አለቀ፣ ሰውየው አሁንም ያነባል። አንድም ቡጢ አልተሰነዘረም፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ ማሌንኮ መጥቶ አንገቱን እንዲያንቅልን የማይፈልግ ተመልካች አልነበረም። ሬስሊንግ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ሰውን በትንሽ ነገር አናዶ ለሳምንት መልሶ ማምጣት።

እነዚህ ልጆች ግን ሁልጊዜ ከፋች ነበሩ እንጂ ዘጊ አልነበሩም። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ወደ ሪንጉ የሚመጣው ሰው ዕድሜውም ደመወዙም ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አንዱ ሮጦ ይመጣል፣ ሌላው በእግሩ ሄዶ፤ ሦስተኛው ማይክሮፎን ይዞ ቆሞ ይውላል።

ወደ ክብራቸው ዘመን ልለፍ። ሜይ 27 ቀን 1996 ጆርጂያ ውስጥ፣ ሜከን ከተማ፣ ግጥሚያ እየተካሄደ ሳለ ታጋዩ ስኮት ሆል ተራ ልብስ ለብሶ ከተመልካቹ መሐል ወጥቶ ወደ ሪንጉ ዘለቀ። ማን እንደሆነ እንደምናውቅ፣ ለምን እንደመጣ ግን እንደማናውቅ ነገረን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኬቨን ናሽን አስከትሎ መጣ። ጁላይ 7 ቀን ዴይቶና ቢች ላይ ሦስተኛው አጋራቸው ሲገለጥ ሃልክ ሆጋን ሆኖ ተገኘ። በቪዲዮ ቤት ቋንቋ ለመናገር፣ አክተሩ ራሱ ወደ ጠላት ጎራ ገባ። ሕዝቡ በእጁ ያለውን ሁሉ ወደ ሪንጉ ወረወረ፤ ሆጋንም በቆሻሻ ተከቦ ንግግሩን አደረገ። ሦስቱ የመሠረቱት የኤን ደብልዩ ኦ ቡድን ጥቁር ካናቴራ ከዚያ በኋላ ያልደረሰበት ሰፈር የለም። ሟች ሮውን በተመልካች ብዛት 83 ሳምንት በተከታታይ አሸነፉ። ያን ጊዜ ማክማን የሚገዙ ሳይሆን የሚሸጡ ይመስሉ ነበር።

እዚህ ላይ ከድንኳኑ ጥግ ‹ውሸት እኮ ነው› እያሉ የሚያንሾካሹኩትን ሰምቻለሁ። ወንድሞቼ፣ አሸናፊው ቀድሞ እንደሚወሰን ከእናንተ በፊት እናውቅ ነበር። ሰውየው ሲወድቅ የሚሰማው ሕመም፣ የሚያነሳውም የሌላ ሰው ክብደት ግን ውሸት አልነበረም። እኛና እነሱ አንድ ውል ነበረን፤ እነሱ ከልባቸው ያስመስላሉ፣ እኛ ከልባችን እናምናለን። ውሉን ያፈረሰው ማን እንደሆነ ሕመማቸውን ስተርክ ትሰማላችሁ።

ሕመሙ የጀመረው በጥጋብ ነው። በ1998 መግቢያ ላይ ከሁለት ሰዓት ወደ ሦስት ሰዓት አደጉ፤ በዚያው ወር ተንደር የሚባል ታናሽ ወንድም ሐሙስ ማታ ተወለደላቸው። ሦስት ሆኖ የጀመረው ኤን ደብልዩ ኦም አባላቱን ለመቁጠር የእድር መዝገብ እስኪያስፈልግ ድረስ ተባዛ። ጁላይ 6 ቀን 1998 ደግሞ አትላንታ ጆርጂያ ዶም ውስጥ 40,000 በሚደርስ ሕዝብ ፊት ያልተሸነፈው ጎልድበርግ ሆጋንን ጥሎ ቀበቶውን ወሰደ። ዛሬም ሳየው የሚያስጮኸኝ ምሽት ነው። ይሁን እንጂ ያ ግጥሚያ ወራት ተጠብቆ ሰው ከፍሎ የሚያየው ነበር፤ ለአንዲት ሰኞ ማታ ብልጫ ሲባል በጥቂት ቀን ማስታወቂያ በነፃ ቀረበ። ገበሬ ዘሩን ቆልቶ የበላ ዕለት ቤቱ እንደሚሞቅ ሁሉ ያን ማታ ቤታቸው ሞቀ። ለመጪው ክረምት ግን የሚዘሩት አልነበራቸውም።

ሐኪም ቢጠየቅ የሞት ሰዓት ብሎ የሚጽፈው ጃንዋሪ 4 ቀን 1999ን ነው። በዚያው ጆርጂያ ዶም ሕዝቡ ጎልድበርግ ከናሽ ጋር ሲገጥም ሊያይ ተሰብስቦ ነበር። በድርሰቱ መሠረት ጎልድበርግ በፖሊስ ተያዘና በምትኩ ሆጋን መጣ። ደወል ተደወለ። ሆጋን አንዲት ጣቱን የናሽ ደረት ላይ ነካ አደረገ፤ ናሽ በመድፍ እንደተመታ ተዘርሮ ወደቀ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሁለቱ ተቃቅፈው ሳቁ። የሳቁት በማን ላይ እንደነበር ለማወቅ ቲኬት የገዛውን ሰው ፊት ማየት ይበቃ ነበር።

ያቺ የሐሜት አመልም የመጨረሻ ሥራዋን የሠራችው በዚያው ምሽት ነው። አስተላላፊው ቶኒ ስኪያቮኒ በቢሾፍ ትእዛዝ፣ በሮው ላይ ሚክ ፎሊ ሻምፒዮን እንደሚሆን አስቀድሞ ተናገረና ‹ይሄ ደግሞ ሰው ሊስብ ነው› በሚል ቃና አላገጠ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ወዲያው ጣቢያ ቀይሮ ፎሊን ሊያይ ሄደ። ሕዝቡ ውጤቱን አውቆት እንኳ ሄደ! ‹ውሸት እኮ ነው› ላላችሁት መልሱ ይኸው። ሰው የሄደው ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ሳይሆን፣ ለዓመታት ሰውነቱን ሲሰባብርለት የኖረ ሰው ሲደሰት ለማየት ነው። ሟች ከሮው ጋር ፊት ለፊት ተጋጥመው ዳግመኛ ማሸነፍ አልቻሉም።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ሕክምና ከበሽታው የከፋ ነበር። ቢሾፍ በዚያው ዓመት ተነሡ፤ ከማክማን ቤት ቪንስ ሩሶ የተባለ ደራሲ ተጠራ። በኤፕሪል 2000 ፊልም ሊያስተዋውቅ የመጣው ተዋናይ ዴቪድ አርኬት የዓለም ሻምፒዮን ተደረገ። አርኬት ራሱ የሬስሊንግ ወዳጅ ነበርና ይህ አይገባም ብሎ ተቃውሟል፤ ያገኘውንም ገንዘብ ለሞቱና ለተጎዱ ታጋዮች ቤተሰቦች ሰጥቷል። እንግዳው ከባለቤቶቹ ይልቅ ለቤቱ ክብር ተጨነቀ ማለት ነው። ባለቤቶቹ ግን አላፈሩም፤ በሴፕቴምበር ደራሲው ሩሶ ራሱን ሻምፒዮን አድርጎ ጻፈ። የሠርግ ግጥም ገጣሚ ሙሽራዋን ይዞ ሲሄድ ያን ቀን አየን።

መቃብሩን የቆፈረው የኩባንያዎች ጋብቻ ነው። በጃንዋሪ 2001 የአቶ ተርነር ድርጅት ቀድሞ የገባበት ታይም ዋርነር ከኤኦኤል ጋር ተጋባ። የተርነር ጣቢያዎችን የተረከቡት ጄሚ ኬልነር ሬስሊንግ ከቤቴ ይውጣ አሉ። ቢሾፍና ሸሪኮቻቸው የሟችን ድርጅት ሊገዙ ጫፍ ደርሰው ነበር፤ የስርጭት ሰዓት የሌለው የቴሌቪዥን ሬስሊንግ ምን ያደርጋል ብለው ተመለሱ። ማክማንም በጥቂት ሚሊዮን ዶላር ሬሳውን ከነካሴቱ ወሰዱ።

አቶ ናይትሮ በተወለዱ በ5 ዓመት ከ6 ወራቸው፣ ማርች 26 ቀን 2001 ፍሎሪዳ ውስጥ ፓናማ ሲቲ ቢች ላይ፣ በአንድ የምሽት ክበብ የመዋኛ ገንዳ ዳር አረፉ። ለቀስተኛው የዕረፍት ጊዜውን ሊያሳልፍ የመጣ ተማሪ ነበርና ከጥቁር ልብስ ይልቅ የዋና ልብስ በዝቶ ታይቷል። ክሊቭላንድ ከተማ የነበሩት ማክማን በሟች ስክሪን ላይ ብቅ ብለው ገዛሁት አሉ። የመጨረሻው ግጥሚያ ሪክ ፍሌርና ስቲንግ ያደረጉት ነው፤ በተወለዱበት ምሽትም ሁለቱ ተጋጥመው ነበር። ስቲንግ አሸነፈ፤ ሁለቱ ተቃቀፉ። በዚያ ቀብር ላይ ከልብ የሆነው ለቅሶ ያ ብቻ ይመስለኛል።

ሟች የተዉአቸው ልጆች ብዙ ናቸው። ከፋች ብቻ የነበረው ጄሪኮ በዚያው ዓመት ዲሴምበር በማክማን ቤት ሁለት የዓለም ቀበቶ በአንድ ምሽት አሸንፎ አዋሃደ። ኤዲ ጉሬሮ በ2004፣ ሬይ ሚስቴሪዮ በ2006 ሻምፒዮን ሆኑ። ለመዝጊያ አይበቁም የተባሉት ልጆች የጠላትን ቤት ዘጉ! የሟች እናት ወይዘሮ ቲኤንቲም ከረጅም ሐዘን በኋላ ኦክቶበር 2 ቀን 2019 ዳይናማይት የሚባል የሬስሊንግ ልጅ ወለዱ፤ ልጁ አሁን አክስቱ ቲቢኤስ ዘንድ ያድጋል። ስኪያቮኒም እዚያ ያስተላልፋል። ለሮው ልዩ መጽናናት እመኛለሁ፤ ጠላቱ ከሞተ ወዲህ ለረጅም ዓመታት ሲንቀራፈፍ አይተነዋል፤ የሚያባርረው ሲያጣ የማይሮጥ ብዙ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። በእድሩ መዝገብ ላይ ከሟች ስም ትይዩ የሞት ምክንያት ‹በማክማን ተገደሉ› ተብሎ ሰፍሯል። ማክማን ሬሳ ገዙ እንጂ አልገደሉም። ደራሲውም፣ ኩባንያውም ዘግይተው የመጡ ናቸው። ስለዚህ ጸሐፊው መዝገቡን አውጥተው ያንን ይሰርዙልንና በምትኩ ‹የከፈላቸውን ተመልካች ንቀው ሞቱ› ብለው ይጻፉልን።