ማድ ቤቱን ጭነውት ሄዱ

ፍራንክፈርት፣ ጀርመን

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሼ፣
ደሴ።

እኔ ከናፍቆታችሁና ከወገቤ በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ወገቤን የነካኝ ብርድ አይደለም፤ ቁም ሣጥን ነው። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በስልክ «ቤት አገኘሁ» ማለቴን እማዬ ለጎረቤት ተናግራ፣ ጎረቤት ለዕድርተኛው አውርቶ፣ ወሬው ገራዶ ሲደርስ «ቪላ ገዝቶ እያሳደሰ ነው» ሆኗል አሉ። በቀደም አንድ ዘመዳችን ደውሎ «ቤት ለማሳደስ ከተረፈህማ!» ብሎ የባጃጅ ቀብድ ጠየቀኝ። እንግዲህ የቪላውን ነገር ከመሠረቱ ልንገርዎና እርስዎ በቡና ላይ ያስተባብሉልኝ። የእንጨት ሰው ስለሆኑ ከሁሉ ይልቅ እርስዎ ይረዱኛል።

ቤቱ የኪራይ ነው። ሁለት ክፍል፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ቁልፍ ተረክቤ ስገባ የተቀበለኝ ከኮርኒሱ የተንጠለጠለ ሽቦ ነው። አምፖል የለ፣ የአምፖል መያዣ የለ። እዚህ ተከራይ ሲለቅ መብራቱን ነቅሎ ይሄዳል። ይሁን፣ አምፖል ስንት ነው ብዬ ወደ ማድ ቤቱ ዘለቅሁ። በሩን ስከፍተው አራት ግድግዳና ከግድግዳው ብቅ ያለ የቧንቧ ጫፍ ብቻ! አከራዩን «ማድ ቤቱ የታለ?» ብለው፣ ረጋ ብሎ «የነበሩት ሰዎች ይዘውት ሄዱ» አለኝ። ምድጃውን፣ ግድግዳው ላይ የነበሩትን ሣጥኖች፣ የዕቃ ማጠቢያውን ገንዳ ሳይቀር። ጋሼ፣ በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመንዎ ቤት ሲለቅ ማድ ቤቱን ጭኖ የሄደ ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? እዚህ የተለመደ ነው። ማድ ቤት ያለው ቤት ሲከራይ ማስታወቂያው ላይ እንደ ትልቅ ጸጋ ተጽፎ ይወጣል።

ይህ የደረሰብኝ ደግሞ በፍራንክፈርት መሆኑ ነው የሚገርመው። ዛሬ አዲስ አበባ ሳይቀር ባለ ገንዘቡ ሁሉ የሚያስገጥመው፣ ከግድግዳ ግድግዳ ተለክቶ የሚሠራው ማድ ቤት የተወለደው በዚችው ከተማ ነው። በ1926 (የምቆጥርልዎት በፈረንጆቹ ነው) ማርጋሬቴ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል የቪየና ተወላጅ አርክቴክት፣ ከተማው ለሚያሠራቸው አነስተኛ መኖሪያ ቤቶች ነደፈችው። የቤት እመቤት ከምድጃ ወደ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ወደ ውኃ የምትመላለስበትን ጊዜ በሰዓት እያስለካች፣ ወርዱ ሁለት ሜትር በማይሞላ፣ ርዝመቱም ሦስት ሜትር ተኩል በማይደርስ ክፍል ውስጥ ሁሉን ነገር ከእጅ አጠገብ አስቀመጠችው። ወደ 10,000 ያህል ተገጥሟል። እርስዎ የሚወዱት ነገርም አለበት፦ ለስኳርና ለሩዝ የአሉሚኒየም መሳቢያ ስታሠራ፣ ለዱቄቱ ግን ኦክ የሚባለውን እንጨት መረጠች፤ ነቀዝ ያርቃል ተብሎ። ያ ማድ ቤት በአንድ የዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ እንደ ቀድሞው ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ነው። ሄጄ አየሁት። ማድ ቤት በሙዚየም ጎብኝቼ፣ ማድ ቤት የሌለው ቤቴ ገባሁ።

ገንዘቡስ ቢሉኝ፣ ገንዘቡ ቤቱን ለመያዝ አልቋል። ሕጉ አከራይ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ድረስ በማስያዣ እንዲቀበል ይፈቅድለታል። ማስያዣውን በሦስት ጊዜ መክፈል የተከራይ መብት ነው፤ እኔም በመብቴ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ተጠቀምኩበት። ያም ሆኖ የተረፈኝ ገንዘብ አዲስ ሶፋ ሊገዛ ቀርቶ የሶፋ ትራስ ዋጋ ቢጠይቅም ያፍር ነበር።

ይሁን እንጂ እዚህ አገር ኪስ ለሌለው፣ ትከሻ ያለው ጓደኛ ካለው መላ አይጠፋም። ኢንተርኔት ላይ «መጥቶ፣ ፈትቶ ለሚወስድ በነጻ» የሚል ማስታወቂያ በየቀኑ ይወጣል። አዲስ ማድ ቤት የሚያስገባ ሰው አሮጌውን የሚያፈርስለት ሠራተኛ በገንዘብ ከሚቀጥር፣ እንደ እኔ ያለውን ጠርቶ «ስጦታ ነው፣ ውሰድ» ይለዋል። ካቻቢቴና ፒንሳ ይዘን ሄድን። ባለቤትየው ወንበር ስቦ ቡናውን እየጠጣ፣ እኛ ስናፈርስለት ዋልን። ስንጨርስ ወለሉን እንድንጠርግለት ጠየቀን። ጠረግንለት፤ አመስግነንም ወጣን።

የጎደለውን ከሌላ ሰፈር፣ ከሌላ ሰው ማድ ቤት አሟላሁ። የአንዱ ሣጥን ከሌላው ከፍ ይል ስለነበር በግራ በኩል የከተፍኩትን ሽንኩርት የምሰበስበው ከቀኝ ነበር። ደግነቱ ሣጥኖቹ እየተጠመዘዘ ከፍና ዝቅ የሚል እግር አላቸው፤ በውኃ ልክ እያየሁ አስተካከልኳቸው። ጉድ የሠራኝ ምድጃው ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ እዚህ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዕቃ አይደለም። ባለ ሦስት ፌዝ፣ 400 ቮልት ነው፤ የሚያገናኘውም ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሲያን ነው። ሰውየው መጥቶ፣ ጥቂት ሽቦ አሥሮ፣ ሒሳቡን ሲጽፍልኝ በነጻ ያገኘሁት ምድጃ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ውዱ ሆኖ ቁጭ አለ።

አሁን ወደ ቁም ሣጥኑ። ትልልቅ ዕቃ የሚጥል ሰው ከከተማው ጽዳት ጋር ቀጠሮ ይዞ፣ በዋዜማው ማታ ከደጁ ያወጣዋል። ዝም ብሎ ማንሣት ግን አያስኬድም፤ እዚህ ቆሻሻም ባለቤት አለው። አንዲት አሮጊት ሞተው ልጆቻቸው ቤቱን ባዶ እያደረጉ ነበር። ከበሩ ላይ የቆመውን ቁም ሣጥን በመንገድ መብራት ስዳብሰው እርስዎ ትዝ አሉኝ። ሙሉ ኦክ ነው። መሳቢያዎቹ አንድ ምስማር የላቸውም፤ እንጨቱ ጥርስ በጥርስ ገብቶ ነው የተቆላለፈው። ማንም የማያየው ጀርባው እንኳ በመላጊያ ተልጓል! ልጅየውን «ለምን ትጥሉታላችሁ?» አልኩት። «በጣም ከባድ ነው፤ የሚፈልገው ሰው የለም» አለኝ። ስለ ክብደቱ አልዋሸም።

ጋሼ፣ እዚህ አገር ያየሁት ትልቁ ተገላቢጦሽ ይህ ነው። ደህና ደመወዝ ያለው አዲስ ዕቃ ይገዛል። አዲሱ ዕቃ ደግሞ አብዛኛው ቺፕውድ ነው፤ ፍቅፋቂ በሙጫ ተጋግሮ፣ በላዩ የእንጨት ሥዕል የተለጠፈበት። አንዴ ፈትተው ሲገጥሙት ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ይዞራል። እንደሚተረከው በ1956 የስዊድኑ ኢኬያ ሠራተኛ ጊሊስ ሉንድግሬን አንድ ጠረጴዛ መኪና ውስጥ አልገባ ቢለው እግሮቹን ነቀላቸው። ከዚያ ወዲህ የዓለም ሕዝብ እግሩ የተነቀለ ጠረጴዛ በካርቶን እየገዛ ቤቱ ሲደርስ አናጢ ይሆናል። ስላቄ ብቻ አይደለም፤ የመጻሕፍት መደርደሪያዬም ይኸው ሰው በ1979 የነደፈው ቢሊ የሚሉት ነው፤ ሰው ተጠቅሞበት የተወውን ነው የገዛሁት። ነገር ግን የጀርመኖቹን አያቶች ሙያ እያነሣ ቤቱ የሚያስገባው ስደተኛው ነው። ፍራንክፈርት መጥተው የአናጢ እጅ ያረፈበት እንጨት ማየት ቢያሰኝዎት፣ ባለ ደመወዙ ቤት አይድከሙ። የእኛን ሰዎች ቤት ይጎብኙ።

ለመጫኛ መኪና መከራየት ስላልተቻለ ደቦ ጠራሁ። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ልጆች መጡ። መንገዱን በእጃችን፣ ደረጃውን በትከሻችን አወጣነው። «ሆ በል!» ስንል በየፎቁ በር እየተከፈተ የሕንፃውን ሰው በአንድ ማታ ተዋወቅሁት። ደቦ ደግሞ ያለ ድግስ አያልፍም። የበግ ጥብስ፣ እንጀራ (እዚህ በቁጥር ነው የሚሸጠው)፣ ቢራ። ልጆቹ በልተው ሲነሡ ነጻው ቁም ሣጥን የአዲስ ቁም ሣጥን ዋጋ አውጥቷል።

ወንበሮቹና የሳሎኑ መብራት ከቅዳሜ ገበያ ናቸው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ አንድ ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር በሙዚየሞቹ ፊት፣ ሌላ ቅዳሜ ደግሞ በምሥራቁ ወደብ በኩል ይቆማል። ጠዋት መሄድ የሀብታም ነው። የሚዘጋው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ስለሆነ እኔ ወደ 7 ሰዓት ተኩል ነው ብቅ የምል። ያን ጊዜ ሻጩ ዕቃውን መልሶ መጫኑ ያስጨንቀዋል፤ ጠዋት ቢሆን ፊቱን የሚያዞርብኝ ሰው አሁን ራሱ ይጠራኛል። ይህን ለደሴ ሰው ማስተማር አይገባኝም።

ግድግዳው ደግሞ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ወረቀት ይለብሳል፤ በውስጡ የእንጨት ስንጥር የተበተነበት ወረቀት። ጣትዎን ሲያስኬዱበት በጭድ የተመረገው የአያቴ ቤት ነው የሚመስልዎት። በ1864 ያወጣው ሁጎ ኤርፉርት የሚባል የቩፐርታል መድኃኒት ቀማሚ ነው፤ መጀመሪያ የሱቅ መስኮት ማስጌጫ ነበር አሉ። ጥቅሙ ለእንደኔ ዓይነቱ ነው፦ ስንጥቁንም ጉብጉቡንም ይሸሽጋል፣ ደጋግሞም መቀባት ይቻላል። ስለዚህ ሳልነቅለው፣ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኜ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ ነጭ ቀባሁት። ርካሽ ቀለም ግን እንዳያታልልዎት። ባልዲው ላይ ከ1 እስከ 4 የሚሄድ የመሸፈን ደረጃ ይጻፋል። 1 የተባለው ባንዴ ይሸፍናል፤ 3 የተባለውን ቀብተው ቀብተው የቀድሞው ተከራይ ሥዕል የሰቀለበት ቦታ ያው ከነማዕዘኑ ይታያል።

አንዱ ጓደኛዬ «ሳሎኑን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ እናድርገው» ብሎ ተነሣሥቶ ነበር። ከለከልኩት። ይህ ሕዝብ ለግድግዳ ቀለም እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የሚካሰስ ሕዝብ ነው። በ2013 ነጭ ቤት ተረክቦ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ አድርጎ የመለሰ ተከራይ ካሣ ይክፈል ተብሏል። በ2015 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት፣ ሳይታደስ የተሰጠውን ቤት ተከራዩ፣ ተገቢ ማካካሻ ካልተደረገለት በቀር፣ አድሰህ ውጣ ተብሎ አይገደድም ሲል ወስኗል። እኔም ይህን ሰምቼ ገና ስገባ የእያንዳንዱን ግድግዳ ቁስል ፎቶ አነሣሁ። እማዬ አይታ «ልጄን ምን ዓይነት ቤት ጣሉት!» ብላ ያለቀሰችው በዚያ ፎቶ ነው። ለዳኛ የተነሣ እንጂ ለእናት የተነሣ እንዳልሆነ ያስረዱልኝ።

ሌላው ሥራ መጋረጃ መስቀል ነበር። ድሪል ያለው ጓደኛዬ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንጀራው ስለሆነ የሚያውሰኝ እሑድ ነው። እሑድ ደግሞ ግድግዳ መብሳት አይሞከርም። እርስዎም እሑድ መጋዝ አያነሡም፤ ግን እርስዎን የሚያስፈራዎት እግዚአብሔር ነው። እዚህ የእሑድ ዕረፍት ሕገ መንግሥት ውስጥ ገብቷል፦ በ1919 የጻፉትን አንቀጽ በ1949 ባወጡትም ሕገ መንግሥት እንዳለ አጸኑት። በሕንፃችን ይህን አንቀጽ የሚያስከብሩት ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ ናቸው። ስለዚህ ድሪሉን ቅዳሜ ማታ ከጓደኛዬ እጅ ተቀብዬ፣ የሌሊቱ ጸጥታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሳይጀምር በሩጫ በሳሁ። እሑድን ለብሩሽ ሰጠሁት፤ ብሩሽ አይጮህም። ብሎኑን ቀዳዳው ውስጥ የምታጠብቀውን ፊሸር በተመለከተ፣ አርቱር ፊሸር የሚባል የዚሁ አገር ሰው በ1958 ነው ያወጣት፤ ከ1,000 በላይ የፈጠራ መብት ያስመዘገበ ሰው ነበር።

ጋሼ፣ ሁለት ነገር ላስቸግርዎ። የቁም ሣጥኑ የታችኛው መሳቢያ እርጥበት ሲበዛ እያበጠ አልከፈት ይላል። በመላጊያ ልንካው ወይስ ሰም ልቀባው? ሳይነግሩኝ መሮ አላነሣበትም። ሁለተኛው፣ እትዬ ከዳንቴላቸው አንድ ሁለት፣ ሰፋ ሰፋ ያለውን፣ ሰው ሲመጣ ይላኩልኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የቀድሞው ባለቤት ብረት ድስት ያስቀመጠበት ጥቁር ክብ አለ። ለእማዬ ግን ዕቃው ከመንገድ ላይ የተነሣ መሆኑን እንዳይነግሩብኝ። «ጥንታዊ ነው» ይበሏት፤ ፈረንጅም እንደዚያው ብሎ ነው በውድ የሚሸጠው።

ብዙ ልጽፍልዎ ነበር፤ አሁን ግን ስልኬ ጮኸ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ሶፋ በነጻ የሚሰጥ ሰው ተገኝቷል፤ ቀድሞ ለደረሰ ነው አሉ። ጫማዬን እያሠርኩ ነው። አምስተኛ ፎቅ እንዳይሆን ብቻ ይጸልዩልኝ።

የእህትዎ ልጅ