ለመሸጎጥ የሚመች ሽጉጥ

«ሽጉጥ» ስሙን ያገኘው ከመሸጎጥ ነው። አማርኛ ገና ሲሰይመው የዘጋውን ጉዳይ ግን የዘመናችን የሽጉጥ ሊቃውንት በየሻይ ቤቱ እንደ አዲስ ከፍተውታል፤ ከሸሚዝ ሥር የማይታወቀው የትኛው ነው? ሊቃውንቱን እናክብርና በቁጥር እንመልስላቸው። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1951 ለሠራዊታቸው የተቀበሉት ማካሮቭ ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን 8 ጥይት ይጎርሳል። እንደ ተአምር የሚወራለት ግሎክ 26ም ያው 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥይቱ 10 ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 ብቅ ያለው ሲግ ፒ365 ወደ 14.7 ወርዷል። የዓለም መሐንዲሶች 67 ዓመት ተጠበውና ተጨንቀው የአንዲት ጣት ውፍረት ያህል ቀንሰውልናል ማለት ነው። ለዚህች ጣት ስንት ማኪያቶ ቀዘቀዘ! ክርክሩ ሲያበቃ የሚገዛው ደግሞ በኮንትሮባንድ የገባ የቱርክ ሽጉጥ ነው።

ይህ ጥበብ አዋሽና ሰመራ ሲደርስ ይበልጥ ያምርበታል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት የአፋር ምድር ሰው ሽርጥና ስስ ሸሚዝ ይለብሳል። በዚያ ሐሩር ኮት ደርቦ የሚንጎራደድ ሰው ወይ ወባ አንቀጥቅጦታል፣ ወይ ወገቡ ላይ ምስጢር አለ። ወባ እንዳልሆነ ደግሞ አረማመዱ ይናገራል። ከዚያ ዳጉ አለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይለዋወጡ አይተላለፉም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ የተሸጎጠ ሽጉጥ ወሬው ከባለቤቱ ቀድሞ ሰመራ ቢገባ አይገርምም።

«አፋሩስ ራሱ ይታጠቅ የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ይታጠቃል፤ ግን አይሸጉጥም። ጊሌ የተባለው ጩቤው ወገቡ ላይ ፊት ለፊት ይታያል፣ ክላሹ ከትከሻው አይወርድም። የታየ መሣሪያ ባለቤቱ ይታወቃል፤ የባለቤቱም ጎሳ ይታወቃል። ደም ቢፈስ መድዓ በሚባለው የአፋር ባህላዊ ሕግ ካሳው የገዳዩ ብቻ ሳይሆን የጎሳው ዕዳ ነው። ስለዚህ ጊሌውን የሚጠብቀው ብዙ ዓይን ነው። የተሸጎጠውን ሽጉጥ የሚጠብቀው ላብ ብቻ ነው።

«መንገዱ አስጊ ነው» ለሚሉትም ባርኔጣ እናነሣለን። ከጂቡቲ ጭነት የሚያመላልሰው ሾፌር ሥጋት እውነተኛ ነው፤ በእሱ አይቀለድም። ነገር ግን አደጋ የሚጥልበት ክላሽ 300 ሜትር ርቆ ያገኘዋል። በርሜሉ 10 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ሽጉጥ የሚያምርበት ጥቂት ሜትር ላይ፣ ማለትም ከሻይ ቤት ጠረጴዛ ማዶ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ደግሞ ሽፍታ ሳይሆን ወዳጅ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ ጠይቁ ቢልም፣ ፈቃድ ማለት መንግሥት ሽጉጡን አወቀው ማለት ስለሆነ ለመሸጎጥ ጥበብ ስድብ ነው።

ሊቃውንቱ ግን ተስፋ አይቁረጡ። በ67 ዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ከቀነሰ፣ ከ700 ዓመት ገደማ በኋላ ሽጉጡ ጨርሶ ይጠፋል። ከኮት፣ ከዳጉና ከፍተሻ የሚያመልጥ፣ ወዳጅንም የማይገድል ሽጉጥ ያኔ ይገኛል። እስከዚያው ኮቱን ያውልቁት፤ ይሞቃል።