ከሮም የሚታወጅ ጾም፦ የሸርቆሌ ካቶሊክ ምን እንደሚጾም የተደረገ ምርመራ

ጾም ያለውን የሚተው ሰው ሥራ ነው። በዚህ ላይ የካቶሊኩም፣ የኦርቶዶክሱም፣ የእስልምናውም ሊቃውንት እምብዛም አይጣሉም። ሥጋ ያለው ሥጋውን ይተዋል፤ ወተት ያለው ወተቱን። የሚተወው የሌለውስ? ሲባሉ ግን ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋሉ። ይህ ጽሑፍ የታለፈችውን ምዕራፍ ለመሙላት የቀረበ ትሑት ሙከራ ነው። የጥናቱ ቦታ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ አሶሳ ዞን ውስጥ የሚገኘው የሸርቆሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ነው፤ ዘመኑ የ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም። መጠይቅ አልተበተነም፤ ናሙና አልተወሰደም። የቀኖና መጽሐፍና የራሽን ዝርዝር ጎን ለጎን ተዘርግተው ተነበቡ፤ ሌላ የረቀቀ ዘዴ አላስፈለገም።

ስለ ቦታው ባጭሩ። ጣቢያው የተከፈተው በ1989 ዓ.ም.፣ ከድንበር ማዶ ያለችው ኩርሙክ በአማፂያን እጅ በገባችበት ዓመት ነው። በ1997 የሱዳን የሰላም ስምምነት ሲፈረም፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ብዙው ሰው ወደ አገሩ ተመለሰ። በ2003 መጨረሻ በሱዳን ብሉ ናይል ግዛት ጦርነቱ ሲያገረሽ ደግሞ እንደገና ሞላ። በ2015 ሚያዝያ ካርቱም ውስጥ ተኩስ ሲከፈት አዲስ ሰው በኩርሙክ በኩል ወደ ዞኑ ገባ። ካቶሊክ ፍለጋ የወጣ ተመራማሪ ግን በቅድሚያ ዓይኑን የሚጥለው ከኮንጎ፣ ከብሩንዲና ከሩዋንዳ መጥተው እዚያው በሰፈሩት ላይ ነው። ከኪቩ ሐይቅ ዳር ተነሥቶ የአካባቢው ነዋሪዎች ወደሆኑት ወደ ቤርታዎች አገር መድረስ በራሱ አንድ ዐቢይ ጾም ነው፤ ግን ለጊዜው ከጥናታችን ውጭ እናድርገው።

የምሥራቅ ኮንጎ ምእመን ሲሰደድ ቁምስናውን አገሩ ጥሎ አይመጣም። እዚያ ቁምስና ማለት ሕንፃና ቆሞስ ብቻ አይደለምና። ጥቂት ጎረቤታሞች በየሳምንቱ በየተራ በአንዳቸው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ወንጌል ያነባሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ መዋጮ ያዋጣሉ። በኪስዋሂሊ ሺሪካ ይሉታል። ከእኛ የጽዋ ማኅበር የሚለየው ጠላ ስለሌለው ነው። ስለዚህ የሸራ ቤት ይብቃ እንጂ ቁምስናው የትም ይቆማል። በዐቢይ ጾም ወቅት የሥራው ብዛት ይጨምራል፦ ዓርብ ዓርብ ፍኖተ መስቀል አለ፣ ዐሥራ አራት ጊዜ መቆም፣ ዐሥራ አራት ጊዜ መንበርከክ። ለሰልፍ እንግዳ የሆነ ምእመን ይህ ይከብደዋል ይባላል። ሸርቆሌ ውስጥ ለሰልፍ እንግዳ የሆነ ምእመን ማግኘት አይቻልም፤ ውኃም፣ እህልም፣ ማገዶም፣ ካርድ ማሳደሻም ሰልፍ ነው። በዚህ ረገድ ጣቢያው ከማንኛውም ሀገረ ስብከት የላቀ ቅድመ ዝግጅት አለው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የሸርቆሌ ካቶሊክ ጾም የሚወሰነው ሮም ላይ ነው። ይህን ማንም ይገምታል። ሳይገመት የቀረው ሮም ውስጥ ስለ እርሱ ሆድ የሚወስኑት መሥሪያ ቤቶች ሁለት መሆናቸው ነው። አንደኛው ቫቲካን ነው። ሁለተኛው በ1961 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዓለም ምግብ ፕሮግራም፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ሮም ነው። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በጾም ጉዳይ ተመካክረው አያውቁም፤ ውሳኔዎቻቸውን አስተያይቶ ለማንበብ ግን ማንም አልተከለከለም።

የቫቲካኑ ሕግ የዋህ ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ስድስተኛ ጾሙን ካቀለሉት ወዲህ፣ በላቲን ሥርዓት ሙሉ ጾም የሚጾመው በዓመት ሁለት ቀን ነው፦ የአመድ ረቡዕና ስቅለት። በዚያም ቀን አንድ ሙሉ ማዕድ፣ ጠዋትና ማታም ቀመስ ቀመስ ይፈቀዳል። ዓርብ ዓርብ ሥጋ ይተዋል፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ዓሣ ይበላል። ጾሙ የሚመለከተው ከ18 ዓመት እስከ 59 ያለውን ብቻ ነው። ሕጉ ገበያን ሳይቀር አስተምሯል፦ የማክዶናልድስ የዓሣ ሳንድዊች በ1962 እ.ኤ.አ. ሲንሲናቲ ላይ የተፈጠረው ካቶሊኮቹ ዓርብ ዓርብ ሥጋ አንገዛም ስላሉ ነው። የግዕዙ ሥርዓት ካቶሊክ ጠንከር ይላል፤ ከዘወረደ ጀምሮ 55 ቀን ይቆጥራል።

የሁለተኛው መሥሪያ ቤት ሕግ ግን ከየትኛውም ገዳም የጠበቀ ነው። ራሽን በመሠረቱ እህል፣ ጥራጥሬ፣ የምግብ ዘይትና ጨው ነው፤ ከፊሉ አንዳንዴ በጥሬ ገንዘብ ይተካል፣ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች ፋፋ ይጨመራል። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ ዓሣም የለም። በዐቢይ ጾም ብቻ አይምሰላችሁ፤ በጥምቀትም፣ በመስቀልም፣ በገናም እንዲሁ ነው። ሽንኩርት እንኳ የለም። የአክሱሙም የሮሙም አባቶች ሽንኩርትን ከጾም ዝርዝር ያስገቡበት ጊዜ የለም፤ በዚህ ነጥብ የፕሮግራሙ ሥርዓት ብሕትውናን ሳይሻገር አልቀረም። ለአንድ ሰው በቀን 2,100 ኪሎ ካሎሪ መነሻ ተደርጎ ይታቀዳል፤ ገንዘቡ ሲያጥር ይቀነሳል፣ ሲያጥር ደጋግሞ አጥሯል። የዕድሜ ገደብ የለውም። የ18 ዓመቱን ከ8 ዓመቱ አይለይም፤ በእኩልነት ረገድ ሊመሰገን ይገባዋል።

ከሁሉ የሚጠናው ከሰኔ 2015 እስከ መስከረም 2016 መጨረሻ የተደነገገው ጾም ነው። በኢትዮጵያ የዕርዳታ እህል ላይ ሰፊ ስርቆት ተገኘ ተባለና ፕሮግራሙ የእህል ሥርጭቱን በመላ አገሪቱ አቆመ፤ የስደተኞቹም አብሮ ቆመ። አራት ወር ገደማ። ስደተኞቹ እህሉን በመጋዘን አላስቀመጡትም፣ በመኪና አላጓጓዙትም፣ ለወፍጮ ፋብሪካ አልሸጡትም። ቢሆንም በነገረ መለኮት ስለ ሌላው ሰው ኃጢአት መጾም የታወቀና የተመሰገነ ተግባር ነው። የተለየው ነገር ቢኖር በተለምዶ ጿሚው አስቀድሞ ፈቃዱን መጠየቁ ነው። የሌብነቱ ባለቤቶች በእነዚያ ወራት ጾመው እንደሆነ የተጻፈ ነገር አላገኘሁም።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው በቀኖና ዓይን ጾም ይመለከተዋል ወይስ አይመለከተውም? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኩይኖ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ድኻና ጾምን አንሥቶ ተከራክሯል። ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ማግኘት የሚችል ድኻ፣ ድኽነቱ ከጾም አያድነውም ይላል፤ ቁራሽ በቁራሽ እየለመነ የሚኖር፣ አንድ ጊዜም የሚበቃውን የማይሰበስብ ግን ነጻ ነው። ጥሩ ብያኔ ነው። ችግሩ ቅዱስ ቶማስ የራሽን ካርድ አይቶ አያውቅም።

ብያኔውን ወደ ሸርቆሌ እናምጣው። እህል በተሰፈረበት ዕለት ማታ የቤቱ አባወራ በሸራው ጥግ የወር ቀለብ አስደግፏል። ለአንድ ማዕድ የሚበቃ አለው፤ ከዚያም ይተርፈዋል። በቶማስ ሚዛን ጾም ግዴታው ነው። በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ማስፈጫ በራሽን አይሰፈርም፤ ስለዚህ ከእህሉ ተከፍሎ ተሽጦ ማስፈጫ ይከፈላል። ዘይቱ ደግሞ ገበያ ወጥቶ ሽንኩርት፣ ሳሙናና የልጅ ደብተር ሆኖ ይመለሳል። ወሩ ሲጋመስ ማዳበሪያው ይጎድላል፣ ሰውዬውም ወደ ጥርጣሬ ቀጠና ይገባል፤ እዚህ ላይ ጥሩ አናዛዥ አባት ያስፈልገዋል። ወሩ ሊያልቅ ሲል ከጎረቤት አንድ ጣሳ ዱቄት ይበደራል፤ በዚያች ሰዓት ማንም ጳጳስ ሳይፈታው ከጾም ተፈታ። ራሽን ሲመጣ እንደገና ይታሰራል። አንድ ክርስቲያን በዓመት 12 ጊዜ ከግዴታ ወደ ነጻነት፣ ከነጻነት ወደ ግዴታ የሚመላለስበት ሌላ ቁምስና ካለ ይህ አጥኚ ለመጎብኘት ዝግጁ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ጉዳዩን ያወሳስበዋል። በኢትዮጵያ ያለችው ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ግዕዙም ላቲኑም፣ ፋሲካን የምታከብረው በአገሩ ቀመር ነው። በእኛና በምዕራቡ ፋሲካ መካከል ያለው ልዩነት ዜሮ፣ አንድ፣ አራት ወይም አምስት ሳምንት ይሆናል፤ ሁለትና ሦስት ሆኖ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁትን መጠየቅ ነው። 2016 የአምስቱ ዓመት ነበር። ኮንጎ፣ ቡካቩ ያለው ዘመድ የአመድ ረቡዕን የተቀበለው የካቲት 6 ነው፤ ሸርቆሌ ያለው ያን ዕለት ቅበላ ላይ እንኳ አልደረሰም። የዚህኛው ጾም መጋቢት 2 ገባ። መጋቢት 22 ስልክ ይደወላል፦ «ክርስቶስ ተነሥቷል!» ይላል ቡካቩ፣ ከጀርባው ከበሮና የዶሮ ወጥ የሚያደርስ ጫጫታ ይሰማል። ሸርቆሌ ገና ሃያ አንደኛው ቀን ላይ ነው። ምን ብሎ ይመልስ? ትንሣኤን መካድ አይቻልም፤ መቀበልም ከአምስት ሳምንት በፊት ይሆናል። አስተዋዮቹ ኔትወርኩ ተቆራረጠብኝ ይላሉ፤ ቃሉም አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው።

ያ መጋቢት 2 ሌላም ነገር ነበረው። ረመዳን የገባው በዚያው ሰኞ ነው። ቤርታዎቹ እስላሞች ናቸው፤ ከብሉ ናይል የመጣውም ስደተኛ በብዛት እንዲሁ። መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የጣቢያው ሠራተኛ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኦርቶዶክስ ነው። በአንድ ቀን ሁሉም ጾም ያዘ። አንዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሌላው ፀሐይ እስክትገባ፤ አንዱ ውኃ ይጠጣል፣ ሌላው አይጠጣም፤ አንዱ ማታ ሥጋ ይበላል፣ ሌላው ማታም ሽሮ። ከውጭ የመጣ ታዛቢ በሰዓት ብቻ የማይስማሙ የአንድ ሃይማኖት ሰዎች አድርጎ ቢጽፋቸው አልፈርድበትም። በመጋቢት ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ሻይ ቤት ተከፍቶ ያገኘ ሰው ግን እንደ ተመራማሪ ብቻውን ይቀመጣል።

ስለ ዓሣና ስለ ማንጎ ጥቂት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ለኦርቶዶክስ ጎረቤት ይቆይ፤ ለካቶሊኩ የተፈቀደ ነው፣ በሰሜን በኩል የዓባይ ውኃ ንጋት ሐይቅ ሆኖ ተኝቷል። በመፈቀድና በመድረስ መካከል ያለው ልዩነት ግን በብር ይለካል። ማንጎ የተሻለ ተደራሽ ነው። አሶሳና ሆሞሻ በማንጎ የታወቁ ናቸው፤ የ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ስለዋለ የጾሙ መጨረሻና የማንጎው ወቅት ተገናኙ። የጾም ምግብ ሆኖ ይህን ያህል መጣፈጡ ሥነ ምግባራዊ ጥያቄ ያስነሣል፤ ጥያቄውን ግን ሰው ሁሉ አፉ ስለሞላ አላነሣውም።

የከበሮው ጉዳይ ከምግቡ ይከብዳል። የኮንጎ መዘምራን ያለ ከበሮ መቀደስ ሊቆጠር ይችላል ብለው በቀላሉ አያምኑም፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ሮም ለአገራቸው ያጸደቀችው የቅዳሴ ሥርዓት ሳይቀር ምእመኑን ያወዛውዛል። በዐቢይ ጾም ግን የላቲኑ ሕግ መሣሪያ ድምፅን እንዲያግዝ ብቻ ይፈቅዳል፤ ሃሌ ሉያም ይታጠፋል። በግዕዙ ወገንም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ መቋሚያ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ሸርቆሌ ውስጥ በእውነት ያለ፣ በእውነትም ሊተው የሚችል ነገር ከተፈለገ ከበሮው ነው። ሥጋ መተው ለዚህ ሰው አዋጅ ማንበብ ብቻ ነው። ከበሮ መተው ግን እጅን ያሳክካል። ጥናቱ ያገኘው ብቸኛ ያልተጠረጠረ ጾም ይኸው ነው ብል ድፍረት አይሆንብኝም።

ምጽዋት የሚባል ነገርም አለ፤ ጾም ያለ እርሱ አይቆምም ይላሉ። ሺሪካው ሲሰበሰብ መዋጮው በጣሳ ነው። አንድ ጣሳ ዱቄት፣ ግማሽ ጣሳ ክክ፤ ለአራስ፣ ለታመመ፣ ገና በኩርሙክ ለገባ። ተቀባዩ ካቶሊክ ነው አይደለም አይባልም፤ ጣሳው አይጠይቅም። ይህ እህል ከሩቅ አገር ስንዴ ሆኖ ተነሥቶ፣ መርከብ ተጭኖ፣ ጅቡቲ ተራግፎ፣ ሸርቆሌ ተሰፍሮ፣ እንደገና በጣሳ ሲሰፈር በማንኛውም የሥርጭት ሪፖርት አይመዘገብም። ለአንድ ዓላማ የተመደበ እህል ለሌላ ሰው መተላለፉ በቢሮ ቋንቋ ስሙ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ከሰኔ 2015 ጀምሮ አራት ወር ያስጾመው እሱ ነበር።

ሚያዝያ 27 ፋሲካ ሆነ። የቻለ ዶሮ ገዛ፤ ያልቻለ እንቁላል ተካፈለ። ከዚያ በኋላ በግዕዙ ሥርዓት በዓለ ሃምሳ ነው፤ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፣ በእነዚያ ቀናት መጾምም ነውር ነው። የሚቀጥለው ሥርጭት ሲደርስ መኪናው ያራገፈው እህል፣ ክክ፣ ዘይትና ጨው ነው። ጥፋቱ በበላተኛው ላይ ይሁን በጫነው መኪና ላይ፣ ቀኖናው አይናገርም።