ድብቅ ጥግ በዶላር
የአዲስ አበባን ድብቅ ጥጎች ላሳያችሁ የሚል አስጎብኚ በዝቷል። ከድብቆቹ አንዷ መርካቶ ያለችው ምናለሽ ተራ ናት። ከማን እንደተደበቀች እንጃ፤ መዶሻዋ ከሩቅ ይሰማል። በርሜሉ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ፣ ያረጀው ጎማ በረባሶ፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል። ፈረንጁ አፉን ከፍቶ ፎቶ ሲያነሳ፣ ከኋላው ኬሻ የተሸከመው ኩሊ «ዞር በል፣ ጌታው!» ብሎ ገፍቶት ያልፋል። ለዚህ ግፊያ ነው እንግዲህ በዶላር የሚከፈለው፤ እኛማ በነጻ ስንጋፋ ኖረናል።

የእውነት የጠፋ ጥግ ካማራችሁ ፒያሳ ወጥታችሁ ዶሮ ማነቂያን ፈልጉ። በ2016 ዓ.ም. ለልማት ፈርሷል፤ ሥጋ ቤቱም ጠባቡ መተላለፊያም የሉም። አስጎብኚው ግን ምን ገዶት! አዲሱን የብስክሌት መንገድ እየጠቆመ «ታሪካዊ ሰፈር ነው፣ በደንብ እዩት» ይላል።