ሁለተኛው ባትሪ

ደባርቅ ውስጥ የመኪና ኮፈን ከተከፈተ ምክር በነጻ ነው። ሰሞኑን የተከፈተው የአንድ ላንድ ክሩዘር ነበር፤ ጣሪያው ላይ ድንኳን የሚዘረጋ፣ ከኋላ ምድጃና ማቀዝቀዣ ሳጥን የተገጠመለት፣ ቱሪስት ይዞ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ሳንቃ በርና ጨነቅ የሚያድር። ባለቤቱ ሁለተኛ ባትሪ ፈልገዋል። ማቀዝቀዣው ሲጎትት ያድርና ጠዋት ሞተሪኖው "ጠቅ" ብሎ ዝም ይላል። ያኔ የፓርኩ ስካውትም፣ ወጥ ሠሪውም፣ ከፍሎ የመጣው ቱሪስትም ገፊ ነው። አንዱማ የጉብኝቱ አካል መስሎት ፎቶ ተነስቶበታል አሉ።

ቀድሞ የተናገረው ከዳባት የመጣ የአይሱዙ ሹፌር ነው፦ "እኛም እኮ ሁለት ነው ያለን።" እውነቱን ነው፤ ግን የአይሱዙ ሁለት ባትሪዎች 12 እና 12 በተከታታይ ተቀጥለው 24 ቮልት የሚሰጡ እንጂ አንዱ ለአንዱ ተጠባባቂ አይደሉም። 12 ለለመደ መኪና እንዲያ ቢቀጠሉለት አምፖሉም ቴፑም በአንድ ቀን ይሰናበታሉ።

ቀጥሎ ክብደት መጣ። ባትሪ እዚህ እንደ በግ ነው የሚመረጠው፤ ብድግ ያደርጉታል፣ ያስቀምጡታል፣ ኮስተር ይላሉ። ለእርሳስ ባትሪ መጥፎ መመዘኛ አይደለም፤ ክብደቱ እርሳሱ ነውና። ባትሪ ነጋዴው ሊቲየም ሲያወጣ ግን አንዱ በአንድ እጁ አነሳና "ባዶ ነው!" ብሎ ፈረደ። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም እንደሚሻል፣ ሊቲየም ግን አብዛኛውን እንደሚሰጥ ማን ይስማ! ደግነቱ ባለቤቱ የእርሳሱን መርጠው ተሳስተውም ቀናቸው። ተራ ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይበላሻል፤ ጨነቅ ደግሞ ከ3600 ሜትር በላይ ነው፣ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል።

ማንም ያልሠራው አንድ ስሌት ነበር። ማቀዝቀዣ ሳጥኑ ርካሹ ዓይነት ነው፤ ቀዘቀዘም አልቀዘቀዘም አያርፍም። 4 አምፒር እየጎተተ 12 ሰዓት ካደረ 48 አምፒር-ሰዓት በላ ማለት ነው፤ የአንድ ባለ 100 የእርሳስ ባትሪ ግማሽ።

የመኪናውን ኤሌክትሪክ የሚሠራው ልጅ ግን ለማስረዳት ሞከረ። "ጋሼ፣ ሞተር ሲነሳ የሚያገናኝ፣ ሲጠፋ የሚለያይ ሪሌ መሐል ይግባ። አለበለዚያ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል።"

"ገመድ ይበቃል" አሉ ባለቤቱ። የሪሌው ዋጋ ከባትሪው አንጻር ምንም አልነበረም፤ ግን ሪሌ ኮፈን ከፍተው ለሰው የሚያሳዩት ነገር አይደለም።

በማግስቱ ወጡ፣ አደሩ፣ ተገፉ። ድሮ አንድ ባትሪ ነበር የሚሞተው፤ አሁን ሁለት። ሲመለሱ ልጁ የመልቲሜትሩን ገመድ እየጠቀለለ ሌላ መንገድ ሞከረ።

"ጋሼ፣ ውጭ ያደረው ባልዲ ውሃ በረዶ ሠርቶ ነበር ብለውኛል። ቢራው ከደጅ ይደር፣ ማቀዝቀዣውን ለምን አያጠፉትም?"

ጋሼ ተቆጡ። "እሱን ካጠፋሁት ሁለተኛውን ባትሪ ምን ላድርገው?"